ነሐሴ የት ሄደ?

እትዬ ወረቀት ሲያነቡ መነጽር አያደርጉም። ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይይዙትና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በጣታቸው ይከተላሉ። የዓመቱን የግዢ ሠንጠረዥ አትሜ ስሰጣቸው እንደዚሁ ይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ትንሽ ሄዱበትና ቆም አሉ።

"ነሐሴ የት ሄደ?"

"አለ እትዬ፣ ወደ ቀኝ ይፈልጉት።"

"ሐምሌ ይኸው። አጠገቡ መስከረም። መሐል ላይ የነበረውን ወር ማን በላው?"

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የእህል ንግድ ቤት ሒሳብ እይዛለሁ። እትዬ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ከቢቸና፣ ከደጀን፣ ከሉማሜ፣ ከአምበር፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ ከደምበጫና ከቡሬ እህል ያስመጣሉ። የኔ ሥራ ደረሰኙን ኤክሴል ላይ መክተትና በየጊዜው በፒቮት ቴብል ማውጣት ነው። ገበያዎቹ ወደ ታች፣ ወሮቹ ወደ ጎን፣ መሐሉ ላይ ኩንታል። ክሮስታብ የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ከሁለት አቅጣጫ የሚነበብ ሠንጠረዥ።

ሶርት ማድረግ ለኔ ያችን ኤ እና ዜድ የተጻፈባትን ምልክት መጫን ነበር። ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች፣ አለቀ። ተራ ዝርዝር ላይ እውነትም ያልቃል። ክሮስታብ ላይ ግን "ደርድሪው" የሚል ሰው ሲመጣ "በምን?" ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ካልጠየቅኩ ሶፍትዌሩ ራሱ አንድ ነገር ይመርጥና ይደረድረዋል፣ ምን እንደመረጠም አይነግረኝም።

የእትዬን ነሐሴ የበላው ይሄው ነው። ኤክሴል የኛን ወሮች አያውቅም፤ የሚያውቀው ፊደላቸውን ነው። ሀ ለ ሐ መ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ዓመቱ እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦ ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ነሐሴ፣ የካቲት፣ ግንቦት፣ ጥር፣ ጥቅምት፣ ጳጉሜን። አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ሰካራም የቆጠረው ዓመት ይመስላል። ጳጉሜን ብቻ በአጋጣሚ ቦታዋን አግኝታለች።

ክፋቱ ደግሞ ሐምሌ ፊት መሆኑ ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምር የለ? መንግሥት ቤት የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሲያይ የመጀመሪያው ዓምድ ሐምሌ ስለሆነ "ትክክል ነው" ብሎ ያልፋል። አንድ ጓደኛዬ እንደዚህ የተደረደረ ሪፖርት ሦስት ቢሮ አልፎ ማንም ሳያየው እንደተመለሰለት ነግሮኛል። እኛ ቤት ግን እትዬ አሉ።

ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ ብላችሁ ብትጽፉለት ኤክሴል በትክክል ይደረድራል። ብልጥ ስለሆነ አይደለም፤ የነዚያ ወሮች ዝርዝር ከፋብሪካው ተጭኖበት ስለመጣ ነው። የኛን እኛው ልናስተምረው ይገባል። ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ወደ ታች ስትወርዱ "ኤዲት ከስተም ሊስትስ" የሚል አለ። እዚያ 13ቱን ወር በቅደም ተከተል ትጽፉለታላችሁ። ከዚያ በኋላ ፒቮቱን እንደገና ሶርት ስታደርጉት በዚያ ዝርዝር ይሄዳል። ፓወር ቢአይ የሚባለው የሪፖርት ሶፍትዌር ላይ ደግሞ የወሩ ቁጥር ያለበት አንድ ተጨማሪ ዓምድ ታዘጋጁና "ሶርት ባይ ኮለም" በሚለው የወሩን ስም በቁጥሩ ደርድር ትሉታላችሁ።

እዚህ ላይ ግን እትዬ አንድ ነገር አስተማሩኝ። እኔ ዝርዝሩን ከመስከረም ጀምሬ ጻፍኩት፤ ዓመት የሚጀምረው መስከረም አይደል። አዩትና "መስከረምና ጥቅምት የሚመጣው እህል እኮ ያምናው ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጤፉ የሚታጨደው ኅዳር አካባቢ ነው፣ ጥር ላይ ገበያው ይሞላል፣ ክረምት ሲገባ ይሳሳል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጎተራ ጥግ የቀረው ነው የሚወጣው። ዓመቱን ከመስከረም ብጀምረው የሁለት ምርት እህል አንድ ገጽ ላይ ይደባለቃል። አሁን የኛ ዝርዝር ከኅዳር ጀምሮ ጥቅምት ላይ ያልቃል። ቁጥሮቹም ደስ ብሏቸው ይወጣሉ፣ ኅዳር ላይ ጀምረው፣ ጥር ላይ አብጠው፣ ቀስ እያሉ ይቀንሳሉ።

ቀኑን ለምን እንደ ቀን አልጻፍሽውም የሚለኝ ይኖራል። ሞክሬዋለሁ። ኤክሴል የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የኛ ኮምፒውተር ቀን አስቀድሞ ወር አስከትሎ እንዲያነብ ተስተካክሏል፣ እና ጥቅምት 12 ቀን 2017ን 12/2/2017 ብዬ ስጽፍለት ፌብሩወሪ 12 መስሎት ይቀበላል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ስለው ግን ፌብሩወሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። የሚያስቀው 29ኙ ነው። 29/2/2016 ይቀበላል፣ 29/2/2017 አይቀበልም፣ ምክንያቱም በነሱ 2016 ላይ ፌብሩወሪ 29 ነበራት። በመጨረሻ አንዱ ዓምድ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። ሶርት ሲደረግ ቁጥር ከጽሑፍ ስለሚቀድም ጥቅምት 30 የተገዛው ጤፍ ከሁሉ በታች ወርዶ ይገኛል። ፒቮቱም በወር መድበው ስትሉት አሻፈረኝ ይላል። እኔ ተስፋ ቆርጬ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያይቼ ነው የምጽፈው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

ፊደላችን ራሱ የሚሠራውን ግፍ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። እኔ ኅዳር እላለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያግዘኝ ልጅ ህዳር ይላል። ለኔና ለእሱ አንድ ወር ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ወር ነው። ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ዓምድ ወጣ፤ አንዱ በሀሌታው ሀ ከሐምሌ በፊት፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ ከታኅሣሥ በኋላ። የኅዳር ግዢ ለሁለት ተሰንጥቆ ደካማ ወር መሰለ። ሐምሌ፣ ሀምሌ፣ ሃምሌ። ጳጉሜ፣ ጳጉሜን። ከስሙ በኋላ ሳይታወቅ የተመታች አንዲት ባዶ ቦታም እንደዚሁ ሌላ ረድፍ ትወልዳለች። አሁን ወሩንም ገበያውንም ከተዘጋጀ ዝርዝር መምረጥ እንጂ በእጅ መጻፍ አይቻልም፣ ዘግቼዋለሁ። ልጁ ተቀይሞኛል፣ ግን ምን ላድርግ።

ወደ ዋናው ልምጣ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ ያህል አቅልዬ የፈጠርኳቸው ናቸው፣ የቤቱን ገመና አላወጣም። ሦስት ገበያ እንውሰድ፣ ሦስት ወር። ቢቸና ጥር ላይ 90 ኩንታል፣ የካቲት 40፣ ሰኔ 10። ደጀን 60፣ 60፣ 50። ሉማሜ 20፣ 30፣ 80። ድምሩ ቢቸና 140፣ ደጀን 170፣ ሉማሜ 130።

አሁን "ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪው" ተባልኩ እንበል። ማውዙ ጥር ዓምድ ላይ ቆሞ ሶርት ካደረግኩ ቢቸና አንደኛ ነው። ሰኔ ላይ ቆሜ ካደረግኩ ሉማሜ አንደኛ፣ ቢቸና መጨረሻ። ጠቅላላ ድምሩ ላይ ቆሜ ካደረግኩ ደጀን አንደኛ። ሦስት ወረቀት ባትም በሦስቱም ላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ ናቸው፣ አንድም የተሳሳተ የለባቸውም። ከላይ የተቀመጠው ስም ግን ሦስት የተለያየ ስም ነው። ሰውም እንደምታውቁት ከላይ ያለውን ነው የሚያነበው።

ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ግን እስኪገባኝ ጊዜ ወስዶብኛል። ረድፉ ሲንቀሳቀስ ሙሉውን ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቢቸናን ከፍ ሳደርጋት የጥሯም የየካቲቷም የሰኔዋም ቁጥር አብሮ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሠንጠረዥ በአንድ ጊዜ በአንድ ዓምድ ብቻ ነው የሚደረደረው፤ ያ ዓምድ ዳኛ ይሆናል፣ ሌሎቹ እሱ በፈረደው ይሰለፋሉ። በጥር ተደርድሮ ሳለ ሰኔን ከላይ ወደ ታች ብታነቡት 10፣ 50፣ 80 ነው። አንድ ሰው "ሰኔ ምን ነካው፣ የተዘበራረቀ ነው" ቢላችሁ አትደንግጡ፣ ዳኛው ሰኔ አይደለም።

ኤክሴል ዳኛውን የሚመርጠው ማውዛችሁ የቆመበትን ሴል አይቶ ነው። ይሄን ማንም አልነገረኝም። ከጠቅላላ ድምሩ አንድ ሴል ወደ ግራ ስታችሁ ከቆማችሁ በመጨረሻው ወር ደረደራችሁት ማለት ነው፣ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። "ሞር ሶርት ኦፕሽንስ" የሚለውን ስትከፍቱ ከታች በየትኛው ዓምድ እንደሚደረድር በጽሑፍ ይላችኋል፤ እኔ አሁን በዚያ በኩል ነው የምሄደው፣ ትንሽ ይረዝማል እንጂ። ወደ ጎንም እንደዚሁ ነው፣ አንድን ረድፍ ዳኛ አድርጋችሁ ዓምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ መደርደር ትችላላችሁ። ወሮችን ግን እንዲህ አታድርጉ፣ እባካችሁ። የእህሉን ዓይነት አዎ፣ ገበያውን አዎ፣ ወርን ግን ተዉት፣ ጊዜ የራሱ ተራ አለው።

እትዬ ጥያቄውን ሲጠይቁ የትኛውን ዳኛ እንደፈለጉ ከአነጋገራቸው ይታወቃል። "ዓመቱን ሙሉ ማን አልተለየንም?" ካሉ ድምሩ ነው። "ክረምት ላይ ማን አዳነን?" ካሉ ሰኔና ሐምሌ ናቸው። ያኔ ግን ይሄ አልገባኝም ነበር። ክረምት ላይ እህል ሲጠፋ የት ሰው እንላክ ሲሉኝ በጥር የተደረደረውን ወረቀት ሰጠኋቸው። ከላይ ያለውን ገበያ አይተው ወንድማቸውን አይሱዙ አስይዘው ላኩት። ባዶ መኪና ተመለሰ። የነዳጁን ነገር ዛሬም ጨዋታ ሲመጣ ያነሱብኛል።

ደረጃ በደረጃ የተሠራ ሠንጠረዥ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከላይ ዞን፣ በሥሩ ገበያ ስናደርግ ማለቴ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ብሎ በሥሩ ቢቸና፣ ደጀን፣ ሉማሜ፣ አምበር፤ ምዕራብ ጎጃም ብሎ በሥሩ ቡሬ፣ ደምበጫ። በድምር ደርድሪው ስለው መጀመሪያ ዞኖቹ በድምራቸው ይሰለፋሉ፣ ከዚያ ገበያዎቹ በየዞናቸው ውስጥ ብቻ ይሰለፋሉ። የሰርግ ዳስ አስቡ። የሙሽራው ወገን በዚህ በኩል፣ የሙሽሪት ወገን በዚያ በኩል፣ በየወገኑ ትልቅ ሰው ወደ ላይ። ምግቡ ከሙሽራው ወገን ከጀመረ የዚያኛው ወገን ሽማግሌ ከዚህኛው ወገን ጎረምሳ በኋላ ነው የሚደርሰው። ቡሬም እንደዚያ ሽማግሌ ነው፤ ከአምበር በእጥፍ ቢበልጥ እንኳ ዞኑ ሁለተኛ ከሆነ ከአምበር በታች ይጻፋል። ስለዚህ አምስተኛው መስመር ላይ ያለው ገበያ አምስተኛ ገበያ ነው ብሎ መቁጠር ስሕተት ነው።

ሁሉንም ገበያ በአንድ ሰልፍ ለማየት ዞኑን ከውጭ ማውጣት ነው። ዞኑ አብሮ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ገበያውን ከላይ፣ ዞኑን ከሥሩ አድርጉትና ቅርጹን ወደ ታቡላር ቀይሩት፤ ከእያንዳንዱ ገበያ ጎን ዞኑ ይጻፋል፣ ሰልፉ ግን አንድ ይሆናል። ይህችን ዘዴ ያገኘኋት በሙከራ ነው፣ በጣም እወዳታለሁ።

ታብሎ የሚባል ሌላ የሪፖርት ሶፍትዌር የሚጠቀም ወንድምዓለም አለኝ፣ እሱ ጋ ደግሞ ምርጫው በግልጽ ተቀምጧል። ኔስትድ የሚለውን ከመረጠ በየዞኑ ውስጥ ለየብቻው ይደረድራል፤ ምሥራቅ ላይ ጤፍ ከላይ፣ ምዕራብ ላይ በቆሎ ከላይ ሊወጣ ይችላል። በፊልድ ካለው ግን የሁሉንም ዞን ደምሮ አንድ ተራ ያወጣና ያንኑ ተራ በሁለቱም ላይ ይደግመዋል። ሁለተኛው ዞኖቹን ጎን ለጎን ለማወዳደር ይመቻል፣ ዓይን አይባዝንም። የመጀመሪያው የየቦታውን እውነት ያሳያል። እኔን ብትጠይቁኝ ነጋዴ የመጀመሪያውን ነው የሚፈልገው፣ አለቃ ሁለተኛውን።

ቁጥር መስሎ ጽሑፍ የሆነም አለ። ቀበሌ 1፣ ቀበሌ 10፣ ቀበሌ 11፣ ከዚያ ቀበሌ 2። ይሄን ስታዩ 01፣ 02 እያሉ ቀበሌ የሰየሙትን ሰዎች አመስግኑ።

ተራውን በእጅ ጎትቶ ማስተካከልም ይቻላል። ስሙን ይዞ መጎተት ነው፣ ይሄዳል። ግን እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ አዲስ ገበያ ስትጨምሩ መጨረሻ ላይ ሄዶ ይቆማል፤ የጁቤን ስጀምር ከሁሉ በታች ተቀምጦ ለሁለት ሳምንት ማንም አላየውም።

የመጨረሻው የራሴ ጥፋት ነው፣ ሳልናገረው ብቀር ደስ ባለኝ። እኛ ለቸርቻሪዎች በዱቤ እንሰጣለን። ደንበኞቹ ወደ ታች፣ ወሮቹ ወደ ጎን የሆነ የሽያጭ ፒቮት ነበረኝ፣ በስም የተደረደረ። ከሠንጠረዡ ውጭ፣ በቀኝ በኩል ባለው ባዶ ዓምድ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ሰው ትይዩ ማስታወሻ እጽፍ ነበር። "ግማሹን ከፍሏል።" "ለፋሲካ ብሏል።" "ቀኑ አልፏል፣ ደውይ።" አንድ ቀን እትዬ ትልልቆቹን ደንበኞች አሳይኝ ሲሉኝ በድምር ሶርት አደረግኩት። ስሞቹ ተንቀሳቀሱ። ማስታወሻዎቹ ግን ከፒቮቱ ውጭ ስለሆኑ ባሉበት ቀሩ። እኔ አላስተዋልኩም፣ በማግሥቱ "ደውይ" ከሚለው ትይዩ ወዳለው ስም ደወልኩ።

ሰውየው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ አያ ነው የምላቸው። የዱቤው ቀን እንዳለፈ በትሕትና ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "አያ?" ስል፦

"ልጄ፣ እኔ ነኝ ባለዕዳው?"

"ማስታወሻው እንደዚያ ይላል አያ።"

"እንግዲያው እመጣለሁ" ብለው ዘጉት።

ከሰዓት በፊት መጡ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ቁጭ በሉ ቢባሉ አልቀመጥ አሉ። ከውስጥ ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ፣ ቀስ ብለው ፈቱት፣ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሯቸው። ከመስከረም ጀምሮ፣ በየወሩ፣ አንድ ሳይዘሉ። የመጨረሻው የሚያዝያ ነበር፣ የኔው ፊርማ ያለበት። እትዬ ከውስጥ ወጥተው አዩን። ምንም አላሉኝም፣ ያለማለታቸው ነው የባሰው። "ቡና አፍይላቸው" ብቻ።

አሁን ማስታወሻው ዋናው መዝገብ ውስጥ ከሰውየው ስም ጋር በአንድ ረድፍ ነው የሚጻፈው፣ ከፒቮት ጎን ምንም አልጽፍም። ሌላ ገጽ ላይ ከፒቮቱ ቁጥር ስወስድም ያን "ጌትፒቮትዳታ" የሚል ረጅም ቀመር እየሰረዝኩ በሴሉ ቦታ መጥራት ትቻለሁ፤ እሱ በስም ስለሚጠራ ረድፉ ቢንቀሳቀስም ተከትሎ ያገኘዋል።

አያ ያን ዕለት ሁለተኛውን ስኒ ሲጠጡ ተቀመጡ። እኔም ኮምፒውተሩን ወደሳቸው አዙሬ የሆነውን አሳየኋቸው፤ ስሙ ሲሄድ፣ ጽሑፉ ሲቀር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። በጣም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ከሩቅ ጀምረው ይጣራሉ፦ "አንቺ! ዛሬስ ስንተኛ ነኝ?"